ጠቁሞ ማንበብ



በ2ኛው መቶ ዓመት ታቲያን የተባለ ሶርያዊ ጸሐፊ አራቱን ወንጌሎች አንድ ላይ ማንበብ ለሚሻ ሰው መላ ፈጠረ፤ ከአራቱም እየቀዳ አንድ ወጥ ትረካ አዘጋጀ። ሥራው ዲያቴሳሮን ይባላል። በ4ኛው መቶ ዓመት የቂሣርያው ኤጲስ ቆጶስ አውሳብዮስ ለዚያው ችግር ሌላ መላ አመጡ። እሳቸው ምንም አልቀዱም። እያንዳንዱን ወንጌል በተራ ቁጥር ከፋፈሉት፤ የማቴዎስ ብቻ 355 ክፍል ሆነ። ቀጥሎም የሚመሳሰሉትን ክፍሎች ቁጥር በ10 ሠንጠረዦች ጎን ለጎን ደረደሩ። አንባቢው ቁጥሩን ይዞ ወደ ወንጌሉ ይሄዳል፤ ቃሉን የሚያገኘው በተጻፈበት ቦታ፣ በወንጌላዊው በራሱ አነጋገር ነው። በአድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት፣ በካርበን ምርመራ ዕድሜያቸው ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ የተገመተው የግዕዝ ወንጌሎች እነዚህን ሠንጠረዦች በቀለም ባጌጡ ቅስቶች ሥር ይዘው እስከ ዛሬ ቆይተዋል።

የማነሣው ጉዳይ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው፤ ክርክሩ ግን በእነዚህ ሁለት ሰዎች ሥራ ውስጥ ተጀምሯል። አንድ ፕሮግራም ጽሑፍ ሲሰጠው ይተነትነዋል፤ በመስመር፣ በዓረፍተ ነገር፣ በቃል ይከፋፍለዋል። አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ይህን የሚያደርጉት በታቲያን መንገድ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ ከምንጩ ተቀድቶ በሜሞሪ ውስጥ አዲስ ቦታ ይሰጠዋል። የእኔ አቋም ጽሑፍ የሚተነትን ላይብረሪ በአውሳብዮስ መንገድ መሄድ አለበት የሚል ነው። መጠቆም ልማዱ ይሁን፤ መቅዳት ደግሞ ፕሮግራመሩ አስቦበት፣ በግልጽ ጠይቆ የሚያገኘው ይሁን። ይህን የምለው በፍጥነት ምክንያት ብቻ አይደለም። ለምንጩ ታማኝ መሆንም አለ፤ በሁለቱም በኩል ደግሞ በአማርኛ የተጻፈ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው የበለጠ የሚያጣው ነገር አለው። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አሠራሩን ላስረዳ። ጽሑፍ በሜሞሪ ውስጥ የተደረደሩ ባይቶች ረድፍ ነው። ከረድፉ ውስጥ አንድ ቃል ለመያዝ ሁለት ነገር ማወቅ ይበቃል፤ ከየት እንደሚጀምርና ስንት ባይት እንደሚረዝም። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች የያዘውን ነገር «እይታ» እለዋለሁ። ባለ64 ቢት በሆኑት የዛሬ ማሽኖች ላይ አንድ እይታ 16 ባይት ይፈጃል፤ የሚጠቁመው አንድ ቃል ይሁን አንድ ሙሉ መጽሐፍ ልዩነት የለውም። ከእይታው ጋር ሁለት ጓደኞች ይሠራሉ። አንደኛው ኢተሬተር ነው፤ በጽሑፉ ላይ እየተራመደ «ቀጣዩን» ሲሉት ቀጣዩን እይታ ይሰጣል፣ ካልጠየቁት አይሠራም፤ ሦስተኛው መስመር ላይ የፈለግነውን ካገኘን አራተኛውን ማንም አይነካውም። ሁለተኛው ፓተርን ነው፤ የት መቁረጥ ወይም የት ማቆም እንዳለበት የሚነግረው ጥለት። ጥለቱ አንድ ፊደል፣ አንድ ቃል፣ ወይም «ይህ ፊደል ቁጥር ነውን?» ብሎ የሚጠይቅ አጭር ተግባር ሊሆን ይችላል። በ2015 የመጀመሪያው ቋሚ እትሙ የወጣው ረስት የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ከመደበኛ ላይብረሪው ጋር እነዚህን ሦስቱንም አቀናጅቶ አቅርቧል፤ አንዱ የመክፈያ ትእዛዝ ፊደልም ቃልም ተግባርም ይቀበላል፣ የሚመልሰውም እይታ ነው። ሲ ፕላስ ፕላስም በ2017 መስፈርቱ ስትሪንግ ቪው የተባለውን እይታ ጨምሯል።

መቅዳት ምን ያህል ያስከፍላል? በ2014 የጉግል ክሮም ብራውዘር ሠሪዎች የራሳቸውን ፕሮግራም ሲመረምሩ፣ ተጠቃሚው አድራሻ በሚጽፍበት ሣጥን ውስጥ አንድ ፊደል በተነካ ቁጥር ከ25,000 በላይ የሜሞሪ ምደባ እንደሚካሄድ አገኙ። ለአንድ ፊደል ነው ይህ ሁሉ። ከዋናው ብራውዘር ሂደት የሜሞሪ ምደባዎችም ግማሽ ያህሉ የስትሪንግ፣ ማለትም በፕሮግራም ውስጥ የተያዘ ጽሑፍ፣ ነበሩ። ማንም ክፉ ፕሮግራመር ሆን ብሎ ያደረገው አልነበረም። አንዱ ክፍል ጽሑፉን በአንድ ዓይነት መልክ ይዞ ለሌላው ያቀብላል፣ ተቀባዩ ለራሱ ይቀዳል፣ እሱም ለሦስተኛው ሲያቀብል እንደገና ይቀዳል። የባይቶቹ መገልበጥ ራሱ ብዙ ጊዜ አይወስድም፤ ዋጋው ያለው ለእያንዳንዱ ቅጂ ሜሞሪ መጠየቅ፣ ቦታ መፈለግ፣ በመጨረሻም መልሶ ማስረከብ ላይ ነው። ቃሉ ባጠረ መጠን ይህ ወጪ ከቃሉ ይበልጣል፤ ጽሑፍ ሲተነተን ደግሞ አብዛኛው ቁራጭ አጭር ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያ ተቃውሞ የታወቀ ነው፤ ማሽኑ ፈጣን ነው፣ ሜሞሪ ርካሽ ነው፣ ለምን እንጨነቃለን? መልሱን በ2021 የወጣ አንድ ምርመራ ይሰጠናል። ግራንድ ቴፍት ኦቶ ኦንላይን የተባለው ጨዋታ ኃይለኛ በሆኑ ኮምፒውተሮች ላይ እንኳ ለመከፈት ብዙ ደቂቃ ይፈጅ ነበር። አንድ ከኩባንያው ውጭ ያለ ፕሮግራመር ውስጡን ሲፈትሽ፣ ጨዋታው 63,000 ያህል ዕቃዎችን የያዘ 10 ሜጋባይት የሚሆን የጽሑፍ ፋይል እንደሚተነትን አየ። ተንታኙ እያንዳንዱን ቁራጭ ሲያነብ የሚጠራው የሲ ቋንቋ ተግባር፣ ከዚያ ቦታ እስከ ፋይሉ መጨረሻ ያለውን ርዝመት በየጊዜው ከአዲስ ይቆጥር ነበር። የሲ ስትሪንግ ርዝመቱን ከራሱ ጋር አይዝም፤ ማለቂያው የሚታወቀው ዜሮ ባይት ላይ ሲደርሱ ብቻ ነው። ይህና ተደጋጋሚ ዕቃ የሚለየው ሌላ ደካማ አሠራር ሲታረሙ የመክፈቻው ጊዜ 70 በመቶ ያህል ቀነሰ፤ ኩባንያውም እርማቱን ተቀበለ። እዚህ ላይ በትክክል ልናገር፤ የጨዋታው ጥፋት መቅዳት አልነበረም፣ ርዝመትን አለመያዝ ነበር። እይታ ግን ሁለቱንም በሽታ በአንድ ጊዜ ያድናል፤ አይቀዳም፣ ርዝመቱንም ያውቃል። ስለ ማሽኑ ፍጥነትም ይህ ምሳሌ በቂ መልስ ነው። የሥራው መጠን ከጽሑፉ ርዝመት ጋር በካሬ ሲያድግ፣ እጥፍ ፈጣን ማሽን የገዛ ሰው እጥፍ ርዝመት ያለው ጽሑፍ እንኳ በቀድሞው ጊዜ ሊጨርስ አይችልም። ዕድሜው የገፋ ስልክ ይዞ ጋዜጣ ለሚያነብ ሰው ደግሞ «ሜሞሪ ርካሽ ነው» የሚለው ቃል ለእሱ የተነገረ አይደለም።

ከፍጥነቱ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሁለተኛው ነጥብ ነው። ቅጂ ከየት እንደመጣ አያውቅም። «ይህ ቃል ከየትኛው መስመር ነው?» ብትሉት መልስ የለውም። እይታ ግን አድራሻው ራሱ ነው፤ ከእሱ መጀመሪያ ላይ የጽሑፉን መጀመሪያ ብንቀንስ ቦታውን በባይት እናገኛለን። ስሕተት ያለበትን መስመር ለይቶ የሚናገር ተንታኝ፣ የተፈለገውን ቃል በገጹ ላይ አቅልሞ የሚያሳይ መፈለጊያ፣ ጥቅሱን ከነምንጩ የሚያመጣ የጥናት መሣሪያ፣ ሁሉም በዚህ ይቆማሉ። ከዚህ በባሰ ምንጩን የሚያጠፋ አሠራርም አለ። በሲ ቋንቋ መደበኛ ላይብረሪ ውስጥ ስትርቶክ የሚባል ጽሑፍ ከፋፋይ አለ፤ መለያው ምልክት ባለበት ቦታ ላይ ዜሮ ይጽፍበታል። ስለዚህ አይቀዳም፣ ግን ያነበበውን ይሰርዛል። ሥራው ሲያልቅ በእጃችን የነበረው ጽሑፍ የለም፤ መለያው ነጠላ ሰረዝ ይሁን ድርብ ሰረዝ የሚያስታውስ ማስረጃ አልቀረም። ሳይቀዱ ማንበብ ብቻውን በቂ አይደለም፤ ሳይነኩ ማንበብም ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባድ ነው፣ በአክብሮትም ሊመለስ ይገባል። ጠቋሚ አደገኛ ነው። የአውሳብዮስን ሠንጠረዥ ከወንጌሉ ነጥሎ ለብቻው ያገኘ ሰው ቁጥር እንጂ ቃል የለውም፤ የክፍል ቁጥሩ በተዛባ ወንጌል ላይ የተሰፋ ሠንጠረዥ ደግሞ ከዚህ ይከፋል፣ በልበ ሙሉነት ወደ ተሳሳተ ቦታ ይልካልና። በፕሮግራምም እንዲሁ ነው፤ ጽሑፉ ከሜሞሪ ከተለቀቀ በኋላ የቀረ እይታ ባዶ ቦታ፣ ወይም የሌላ ሰው ውሂብ ይጠቁማል። ርዝመቱ ውሸት ከሆነስ? በ2014 ይፋ የሆነው ኦፕን ኤስኤስኤል በተባለው የማመስጠሪያ ሶፍትዌር ውስጥ የነበረው፣ ሃርትብሊድ የተባለው ጉድለት ይኸው ነበር፤ ፕሮግራሙ ጠያቂው የነገረውን ርዝመት ሳያረጋግጥ አመነ፣ በአንድ ጥያቄም እስከ 64 ኪሎባይት የሚደርስ የሰርቨር ሜሞሪ፣ ምስጢር የነበረውን ጭምር፣ አውጥቶ ሰጠ። ይህን አደጋ አልክድም። የሲ ፕላስ ፕላሱ እይታ ዛሬም ከምንጩ በላይ ሊኖር ይችላል፤ ጥንቃቄው ለፕሮግራመሩ ተትቷል። ነገር ግን ረስት ያመጣው ለውጥ በዚህ ነጥብ ላይ ነው። እያንዳንዱ እይታ የምንጩን ዕድሜ በዓይነቱ ውስጥ ይዞ ይዞራል፤ እይታው ከምንጩ በላይ እንዲኖር የሚያደርግ ወይም እየተነበበ ያለውን ጽሑፍ የሚቀይር ኮድ ከጻፋችሁ ፕሮግራሙ ሥራ ከመጀመሩ በፊት፣ ገና ሲጠናቀር ውድቅ ይሆናል። ከርዝመቱ አልፎ ማንበብም አይቻልም። ስለዚህ ሰዎችን ለደኅንነት ብለው እንዲቀዱ ያደርጋቸው የነበረው ምክንያት በዚህ ቋንቋ ውስጥ ትልቁን ክፍሉን አጥቷል። ዋጋ የለውም አልልም፤ የዕድሜ ምልክቶቹን መማር ጀማሪን ያደክማል። ያ ድካም ግን አንድ ጊዜ የሚከፈል ነው፤ የቅጂው ወጪ በእያንዳንዱ አንባቢ ማሽን ላይ፣ በየዕለቱ ይከፈላል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከጃቫ ቋንቋ ታሪክ የሚመጣ ነው፣ እኔም በከፊል እቀበለዋለሁ። ጃቫ ለብዙ ዓመታት ከረጅም ስትሪንግ ላይ አጭር ቁራጭ ሲቆርጥ አይቀዳም ነበር፤ ሁለቱ አንድ ሜሞሪ ይጋሩ ነበር። በ2012፣ በጃቫ 7 ስድስተኛው ማሻሻያ ላይ ይህ ተሽሮ እንዲቀዳ ተደረገ። ምክንያቱ እውነተኛ ነው። አንድ ፕሮግራም ከትልቅ ፋይል ላይ አንዲት ቃል ቆርጦ ካስቀመጠ፣ ያቺ ቃል በሕይወት እስካለች ድረስ ሙሉው ፋይል ከሜሞሪ አይለቀቅም። ይሁን እንጂ ስሕተቱ መጋራቱ ነበር ወይስ መጋራቱ መደበቁ? ፕሮግራመሩ በእጁ ያለው ራሱን የቻለ ስትሪንግ መስሎት ነው ያስቀመጠው፤ ዓይነቱ አንድ ነውና። ስዊፍት የተባለው ቋንቋ በ2017 ይህን አይቶ ቁራጩን ሌላ ዓይነት አደረገው፤ ለማስቀመጥ የፈለገ ሰው ወደ ሙሉ ስትሪንግ መለወጥ ይኖርበታል፣ ሲለውጠው ይቀዳል። ጎ የተባለው ቋንቋ ደግሞ መጋራቱን ይዞ፣ በ2022 ሆን ብሎ መቅጃ የሆነ ተግባር ጨመረ። እንግዲህ ድንበሩ ይህ ነው፤ እያነበብን ሳለ እንጠቁም፣ ለረጅም ጊዜ የምናስቀምጠውን ግን እንቅዳ፣ ልዩነቱም በኮዱ ላይ ለዓይን ይታይ።

ወደ አማርኛ ልምጣ፣ ጉዳዩ ከሁሉ የሚሰፋው እዚህ ነውና። ፊደላችን ለእያንዳንዱ ፊደል የኮምፒውተር መለያ ቁጥር በሚሰጠው የዩኒኮድ መስፈርት፣ በ1999 በወጣው 3.0 እትም ውስጥ ገባ። ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ በ1992 በነደፉት፣ ዛሬ ድረ ገጾች ሁሉ በሚባል ደረጃ በሚጠቀሙበት ዩቲኤፍ-8 በተባለ የባይት አጻጻፍ ሲጻፍ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲፈጅ አንዱ የእኛ ፊደል 3 ባይት ይፈጃል። እርግጥ የእኛ አንድ ፊደል ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ ስለሚይዝ ንጽጽሩ ሙሉ በሙሉ ፍትሐዊ አይደለም፤ ቢሆንም የሚቀዳ ሁሉ ይህን ይከፍላል። «ሰላም» የሚለውን ቃል ማሽኑ የሚያየው 225፣ 136፣ 176፤ 225፣ 136፣ 139፤ 225፣ 136፣ 157 ብሎ ነው። ልብ በሉ፤ የሦስቱም ፊደሎች የመጀመሪያ ሁለት ባይት አንድ ነው። በመሠረታዊው የኢትዮጵያ ፊደል ክልል ያለ ማንኛውም ፊደል በ225 ይጀምራል፤ ሁለተኛው ባይት ከ136 እስከ 141 ካሉት ስድስት ቁጥሮች አንዱ ነው። ፊደልን ከፊደል በይበልጥ የሚለየው ሦስተኛው ነው። ለእንግሊዝኛ ታስቦ የተሠራ መፈለጊያ ብዙ ጊዜ የቃሉን የመጀመሪያ ባይት እየፈለገ ይዘላል፤ በአማርኛ ጽሑፍ ላይ ሲለቀቅ በየሦስት ባይቱ ይቆማል፣ መዝለሉ ይቀርና መንፏቀቅ ይሆናል። የረስት መደበኛ ላይብረሪ አንድ ፊደል ሲፈልግ የፊደሉን የመጨረሻ ባይት ነው የሚያስሰው። ለአማርኛ አንባቢ ይህች አንዲት ምርጫ ትልቅ ነገር ናት። ዩቲኤፍ-8 የሰጠን ሌላም በጎ ነገር አለ፤ የፊደል መነሻ ያልሆነ ባይት ሁልጊዜ ከ128 እስከ 191 ባለው ውስጥ ስለሆነ፣ በረድፉ መካከል የትም ብንወድቅ ቢበዛ ሁለት ባይት ወደ ኋላ ሄደን የአማርኛውን ፊደል መነሻ እናገኛለን። ጥሩ ላይብረሪ ፊደልን ከወገቡ የሚቆርጥ እይታ አይሰጥም።

አሁን አማርኛ አዋቂ የሆነ ተቃዋሚ ይነሣል። «ቋንቋችን ሳይቀዱ ሊተነተን አይችልም» ይላል። ‹ሰ› እና ‹ሠ›፣ ‹አ› እና ‹ዐ›፣ ‹ጸ› እና ‹ፀ›፣ ‹ሀ›፣ ‹ሐ› እና ‹ኀ› ድምፃቸው አንድ ስለሆነ አንዱ «ዓለም»፣ ሌላው «አለም» ብሎ ይጽፋል፤ ለመፈለግ መጀመሪያ ሁሉንም ወደ አንድ አጻጻፍ ማምጣት፣ ማለትም አዲስ ቅጂ መሥራት ግድ ነው። ሁለተኛ ማስረጃውም ከዚህ ይጠነክራል። «የሰላም» ከሚለው ላይ ‹የ›ን መጣል ቀላል ነው፤ እይታው በ3 ባይት ወደ ፊት ይገፋል። «ቤት» ግን በ«ቤቱ» ውስጥ የለም፤ ‹ት› ወደ ‹ቱ› ስትለወጥ ባይቱ ራሱ ይለወጣልና ሥሩን ቆርጦ ማውጣት አይቻልም።

ለመጀመሪያው መልሱ ኢተሬተሩ ነው። ማመሳሰሉን በጽሑፉ ላይ ከምንፈጽመው በአነባበቡ ላይ እንፈጽመው። ኢተሬተሩ ‹ሠ› ሲያጋጥመው ለማነጻጸሪያው ‹ሰ› ብሎ ያቀብላል፤ ፊደሉ ለቅጽበት በማሽኑ እጅ ውስጥ ይለወጣል፣ በገጹ ላይ ግን እንደተጻፈ ይኖራል። ለሁለተኛው ደግሞ የፊደላችን ሥርዓት ራሱ መልስ ይዞ ቆይቶናል። እያንዳንዱ ቤተሰብ በዩኒኮድ ውስጥ 8 ቦታ ስለተሰጠው የመጨረሻው ባይት ለ8 ተካፍሎ የሚተርፈው ቁጥር የፊደሉን ዘር ይነግረናል፤ 0 ግዕዝ፣ 1 ካዕብ፣ 2 ሣልስ፣ 3 ራብዕ፣ 4 ኃምስ፣ 5 ሳድስ፣ 6 ሳብዕ። የ‹ት› የመጨረሻ ባይት 181 ነው፣ የ‹ቱ› 177፤ ትራፊውን ከየራሳቸው ብንቀንስ ሁለቱም 176 ይሆናሉ፣ እሱም የ‹ተ› ነው። ስለዚህ «‹ቤ›፣ ቀጥሎ የ‹ተ› ቤተሰብ የሆነ ማንኛውም ፊደል» የሚል ፓተርን «ቤት»ንም «ቤቱ»ንም «ቤታችን»ንም ያለ ቅጂ፣ ያለ መዝገበ ቃላት ያገኛል። ይህን በሁሉም ፊደል ላይ መልቀቅ ስሕተት ነው፣ «ሰላም»ን ፈልጎ «ስልም» የሚያመጣ መሣሪያ ማንንም አይጠቅምም፤ በቃሉ መጨረሻ ላይ ብቻ መወሰን አለበት። ሙሉ የሥነ ምዕላድ ትንተናን ይተካልም አልልም። የእኔ ነጥብ የሚቀዳውን ክፍል እስከ ጥግ ማጥበብ እንደሚቻል ነው። በእርግጥ መለወጥ ያለበት ቁራጭ ሲመጣም፣ ረስት ካው በሚል ስም የሚያውቀው ዓይነት አለ፤ ለውጥ ካላስፈለገው እይታ ሆኖ ይቀራል፣ ካስፈለገው ብቻ ይቀዳል።

ስለ ፓተርን አንድ ማስጠንቀቂያ ይቀረኛል። ብዙዎች መተንተን ሲባል ጥለትን በምልክቶች ወደሚገልጸው ሬጉላር ኤክስፕሬሽን ይሮጣሉ። ኬን ቶምፕሰን በ1968 ባሳተሙት ዘዴ ቢሠራ ጊዜው ከጽሑፉ ርዝመት ጋር አብሮ እንጂ ከዚያ በላይ አያድግም፤ ብዙ ታዋቂ ሞተሮች ግን ወደ ኋላ እየተመለሱ ይሞክራሉ። በሐምሌ 2016 የፕሮግራመሮች መጠያየቂያ ድረ ገጽ የሆነው ስታክ ኦቨርፍሎው ለ34 ደቂቃ የተቋረጠው ከመስመር ጫፍ ላይ ባዶ ቦታ የሚጠርግ አንድ አጭር ፓተርን 20,000 ያህል ተከታታይ ባዶ ቦታ ስላጋጠመው ነበር። እኛ ዘንድ ደግሞ ዓረፍተ ነገር የሚያልቀው በአራት ነጥብ ነው፣ ወይም ጸሐፊው ሁለት ጊዜ በመታው ሁለት ነጥብ፤ የቀድሞው ጽሑፍ ቃልን ከቃል በሁለት ነጥብ ሲለይ የዛሬው በባዶ ቦታ ይለያል። በሁለት ነጥብ ቀድሞ የከፈለ ተንታኝ ዓረፍተ ነገሩ ያለቀበት ቦታ ላይ ባዶ ቃል ያገኛል። እንዲህ ያለውን ለመለየት ቀላል ተግባር ይበቃል፤ ሁለት ነጥብ ሲያይ ቀጣዩን 3 ባይት ተመልክቶ ይወስናል፣ ወደ ኋላም አይመለስም።

እንዲህ የተሠራ መፈለጊያ በአንድ የጋዜጣ ማኅደር ላይ «ፀሐይ» ተብሎ ቢጠየቅ፣ «ጸሐይ» ያለውንም «ፀሀይ» ያለውንም ገጽ ያመጣል። የሚመልሰው እይታ ስለሆነ ደግሞ አንባቢው በስክሪኑ ላይ የሚያየው እያንዳንዱን ቃል ጸሐፊው በመረጠው ፊደል ተጽፎ ነው።